ከደባርቅ እስከ አዘዞ፦ የተለወጠ ሰዓት

ከደባርቅ ተነስቶ በአውሮፕላን ለመሳፈር የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ቲኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን ቀድሞ ነው። ከተማዋ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ጎንደርን አልፎ በአዘዞ በኩል ነው። በማለዳ ብርድ ጋቢያችንን ደርበን መናኸሪያ ብንገኝም መኪናው ካልሞላ አይነሳም። ዳባት ላይ ይቆማል፤ የወገራን ሜዳ አቋርጦ አምባ ጊዮርጊስ ላይም ይቆማል። ስለዚህ የጠዋት በረራ ያለው መንገደኛ ጎንደር ማደር ግዴታው ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ፣ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ለሚመጣውማ ሌላም አዳር ይጨመርበታል። እንግዲህ አየር መንገዱ መነሻውን በሁለት ሰዓት ሲለውጥ ለአዲስ አበባው ሰው ሁለት ሰዓት ነው፤ ለደባርቁ ሰው ግን የአንድ ቀን ወጪ ነው።

በደባርቅ በርካታ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህም መካከል በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከግጭ መንደር የተዛወሩት ይገኙበታል። እዚያው ከተማ ለዑምራ የሚነሱ አንዲት እናት ስንሸኝ የሰዓት ለውጡ መልእክት የደረሰው በእርሳቸው ስልክ ሳይሆን ቲኬቱን በቆረጠው ሰው ስልክ ነበር። ሰውየው ሳይነግራቸው ሁለት ቀን አለፈ። «ልጆቼ፣ ሰዓቱ ተለወጠ ማለት ጉዞው ቀረብኝ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነውና ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

አልቀረም! ብዙ አየር መንገዶች በማጓጓዣ ደንባቸው ላይ ሰዓቱ የውሉ አካል እንዳልሆነ ይጽፋሉ፤ ይህን የሰማ ሁሉ መብት የለኝም ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ለውጡ ከፍተኛ ሲሆንና የሚስማማ ሌላ በረራ ሲታጣ ገንዘቡ እንደሚመለስ እነዚሁ ደንቦች በአብዛኛው ይደነግጋሉ። በ1991 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ የተፈረመው ስምምነትም አለ፤ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. አባል ሆናለች። በዚህ ስምምነት መሠረት በውጭ አገር በረራ ላይ መዘግየት ላደረሰው ጉዳት አጓጓዡ ይጠየቃል። ጉዳቱን ለመከላከል የሚገባውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። ለውጡ ከብዙ ቀን በፊት ተነግሮ ከሆነ ግን ካሳ ከመጠየቅ ይልቅ ሌላ በረራ ወይም ገንዘብ መጠየቁ ያዋጣል ባይ ነን። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ ዘመድ ሕጉ የበለጠ ጠንካራ ነው፦ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ እንዲነሳ የተደረገ በረራ እንደተሰረዘ ይቆጠራል፤ ማስታወቂያው ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ከመጣም ካሳ ሊያስገኝ ይችላል።

ውድ አንባቢያን! ከሁሉ የሚከብደው የቲኬቱ አቆራረጥ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ ያለው በረራ በአንድ ቲኬት ከተያዘ፣ የመጀመሪያው ተለውጦ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሌላ በረራ እንዲያሳፍር የሚጠየቀው አየር መንገዱ ነው። በጥቂት ብር ቅናሽ ተታሎ ለየብቻ የቆረጠ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ «ተሳፋሪው አልመጣም» ብሎ ቢመዘግበው የሚከራከርበት አቅም የለውም። ስለዚህ የራስን ስልክ ማስመዝገብ፣ ከመነሳት በፊት ደውሎ ማረጋገጥ፣ የለውጡን መልእክት አለማጥፋት፣ የጎንደሩን አልጋና የመኪናውን ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ አንሰጥም የሚሉ አልጋ ቤቶች አሉ፤ እኛ ግን ሳንቀበል አንወጣም።

የእናታችን አዲሱ ሰዓት «ረቡዕ 01:30» ይል ነበር። በእኛ አቆጣጠር ይህ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ የጅዳው በረራ ነበርና ሰኞ ከደባርቅ ተነስተው ጎንደር አደሩ፤ ማክሰኞ ዝሁርን አዲስ አበባ ሰገዱ።