የልጅ ልጄና የጋሪው ኩሽኔታ

ልጄ ከባሕር ዳር ደውላ «አባዬ፣ ልጁን ጋሪ ነጂ ሊያደርጉልኝ ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ለእናቷ አቀብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የልጅ ልጄ እስከ ክንዱ ድረስ በግራሶ ተለውሶ ያረጀ ሞዞ በላምባ እያጠበ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛም ልጅ ከብዙኃኑ ጋር ወደቀ። እናቱ «እንደገና ይፈተናል» አለች፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሦስት ሳምንት ከተኛ በኋላ «እስቲ ደልጊ ሄዶ አየር ይቀይር» ተባለና መጣልን። እናቱ መጽሐፎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ልካለች። ከረጢቱ ሳይፈታ በር ሥር ተቀመጠ።

የጋሪውን ነገር ያመጣሁት እኔው ነኝ። ጎረቤት ግቢ ውስጥ የቆመ ቶዮታ ዲኤክስ ነበረ፤ ሞተሩ ተሽጧል፣ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፍበታለች። የፊት እግሮቹ ግን ደህና ነበሩ። ባለቤቱን ለምኜ ሁለቱን ሞዞ ከነአጭር አክሰላቸው ገዛሁና በያጅ ጠርቼ ከወፍራም ቱቦ ጋር አስበየድኳቸው። ብዙ የጋሪ እግር እንዲህ ካረጀ መኪና የሚወጣ ነው። ልጁ ከአልጋው የተነሣው የብየዳው ብልጭታ በመስኮት ሲገባበት ነው። መጥቶ ቆመ። አላናገርኩትም። ቆይቶ «ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

ኩሽኔታ ሲባል ብዙ ሰው ድቡልቡል ኳሶቹን ያስባል፤ የሰፈር ልጆች ከእንጨት ለሚሠሩት መኪና እግር የሚያደርጉትን ዓይነት። የዲኤክስ የፊት እግር እንደዚያ አይደለም። በአንድ ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ፤ ትልቁ ከውስጥ፣ ትንሹ ከውጭ። በኳስ ፋንታ ወደ አንድ ጫፍ የቀጠኑ አጫጭር ጥቅል ብረቶች አሉባቸው፤ ቀጭን ጫፋቸውን አንዱ ወደ ሌላው አዙረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ዳዶውን ባጠበቅህ ቁጥር ይጨናነቃሉ፣ ባላላህ ቁጥር ይራራቃሉ። ከዛሬ መኪኖች ብዙዎቹ ታሽጎ የሚመጣ ኩሽኔታ ስላላቸው ዳዶውን በተባለው ኃይል ማጥበቅ ነው። ይኼኛው ግን ልኩን የሚያገኘው ከሰው ጣት ነው።

ልጁ የወደደው ታሪክ ደግሞ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898፣ ዓድዋ ከሆነ ሁለት ዓመት በኋላ፣ የዚህን ኩሽኔታ ፓተንት ያወጣው ሄንሪ ቲምከን የመኪና ሰው አልነበረም። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ የፈረስ ሠረገላ ይሠራ ነበር። ሠረገላ ሲታጠፍ ጭነቱ እግሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው፣ ያንን የሚችል ነገር ሲፈልግ ነው ይህን የዘየደው። «ታዲያ ከጋሪ ወደ መኪና ሄዶ፣ ከመኪና ወደ ጋሪ ተመለሰ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። አሮጌው ግራሶ አንድም ሳይቀር ታጥቦ ይወጣል። የውጪው ቀለበት በጥፍር ይዳሰሳል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ወይም ብረቱ ሰማያዊ ከመሰለ አይሆንም። አዲሱን ግራሶ መዳፍ ላይ አድርጎ ኩሽኔታውን በሰፊው በኩል ወደ መዳፍ መጫን፣ በወዲያኛው ጫፍ ብቅ እስኪል ድረስ። ላይ ላዩን መቀባት ሥራ አይደለም። ከዚያ እግሩን በእጅ እያሽከረከሩ ዳዶውን ማጥበቅ ነው፤ ኩሽኔታው ቦታውን ይይዛል። ቀጥሎ ማላላት። ቀጥሎ እንደገና በጣት ብቻ ማጥበቅ፤ ቁልፉ መሬት ይቀመጣል። የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጥም ካለ ወደ ኋላ ተላልቶ ይገጥማል እንጂ ወደ ፊት ጠብቆ አይገጥምም። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ለሁለት ብር ሽቦ ብሎ አሮጌውን የሚያቀና መካኒክ አይቻለሁ፤ እኔ በእሱ መኪና አልሄድም።

ይህን ሁሉ ከማን ተማርኩት? ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ ውስጥ ልጅ ሆኜ ስሠራ፣ ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጥብቄ አውቃለሁ። መኪናው ወደ ጎንደር ወጣ። ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደርስ እግሩ ጨሰ፣ ከዚያም ያዘ። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በማግሥቱ ሹፌሩ መጣና ከመሐረቡ ውስጥ የጠቆረውን ኩሽኔታ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። አልተሳደበም። «አራት ልጆች አሉኝ» ብቻ ብሎኝ ሄደ።

ለልጁ ይህን አልነገርኩትም ነበር። ቀኙን እግር እያሳየሁት ገጠምነው፤ ግራውን «አንተ ግጠም» ብዬ ገባሁ።

በማግሥቱ እናቱ በጀልባ እንደምትመጣ አውቀናል፤ ልጁን ይዛ ልትመለስ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤ ጋሪው በክሪክ እንደተነሣ ነው። ቀኙን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁት፤ ለመሰማት የማይሞላ ጭላጭ ንቅናቄ ነበረው፣ ልኩ ነው። ግራውን ብነቀንቀው ድርቅ። ባሽከረክረው ዞሮ ሳይጨርስ ቆመ። ኮፒሊያው አልገጥም ብሎት ወደ ፊት አጥብቆታል።

ፒንሳው ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማላላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ልጁም አያውቅም። አስቤው ነበር። በኋላ ግን ገብቼ ቀሰቀስኩት።

«ተነሥ፣ ግራው ጠብቋል።»

«አባባ፣ በዚህ ሌሊት? ታዲያ ራስዎ አያላሉትም ነበር?»

«ጋሪው ያንተ ነው።»

እያጉረመረመ ወጣ። ባትሪውን ያዝኩለት። ኮፒሊያውን አወጣ፣ ዳዶውን አላላ፣ እያሽከረከረ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያኔ ነው የአዲስ ዘመኑን ነገር የነገርኩት። ሲሰማኝ እጁ ቆመ፤ ከዚያ የመጨረሻውን በሁለት ጣት አጠበቀ፣ ወደ ኋላ መልሶ ቀዳዳውን አገኘ፣ እኔን «ይንኩት» አለኝ። ነካሁት።

ጠዋት ፈረሱን ጠምዶ አሸዋ ጭኖ ሲሞክረው ዋለ። ጀልባው ሲደርስ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። እናቱ ጋሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ሻንጣዋን አስጭና ወጣች። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እናቱን ሲጭን እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቀመጥ ብታዩት!

ቤት ስንደርስ ወርዳ ወደ ቤት የገባች መስሎኝ ነበር። ልጄ ልጅ ሳለች ጋራዥ እየመጣች ዕቃ ታቀብለኝ ነበር፤ «ሮንዴላ» ስላት ሮንዴላ፣ «ኮፒሊያ» ስላት ኮፒሊያ። ጎንበስ ብላ እጇን ግራው ሞዞ ላይ አሳረፈች፣ ቆየች፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረች።

«ለብ ብሏል» አለች። «ደህና ነው። ኮፒሊያው አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው» አላት።

ስለ ከረጢቱ በዚያ ቀን ማንም አላነሣም።