ለስንዴ የካብነው ካብ

ያንን እርከን የካብነው ለስንዴ ነበር። ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የእኛ ወረዳ ስማዳም ጎረቤቱ ጋይንትም ገቡበት። ደንቡ ቀላል ነበር፤ በአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሥራ፣ ለአንዱ ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር። ከጥር ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ከአባቴ ማሳ በላይ ያለውን ተረተር ስንቆፍርና ስንክብ ከረምን።

ሥራው በሜትር ይለካል። የቡድን መሪው ገመዱን ዘርግቶ ይለካል፣ ይጽፋል። እኛም ለገመዱ ካብን። መሠረት ቆፍሮ ትልቁን ድንጋይ ከታች መቅበር ጊዜ ይፈጃል፤ ላይ ላዩን ደርድሮ ማለፍ ሜትሩን ቶሎ ያደርሳል። ጉልበት ነበረኝ፤ ድንጋይም ሞልቶ ነበር። መሠረቱን ዘለልሁት። አጠገቤ ይክብ የነበረው አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ልጄ፣ ስንዴው በወሩ ያልቃል። ይህ የአባትህ ማሳ ራስጌ ነው» አለኝ። ሰማሁት። ሰምቼም ደረደርሁ።

ከዳገት ላይ የሚኖር ሰው ጎርፍ የሜዳ ሰው መከራ ይመስለዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ሬዲዮ ከበን ሰማን፤ ከንፈር መጠጥን። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከእኛም ራስ በላይ ከቆመው ከዚያው ተራራ። በዚያኛው ወገን የወረደው ውሃ አገር ካጥለቀለቀ፣ በዚህኛው ወገን የሚወርደው ምን እንደሚያደርገን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

የሜዳው ጎርፍ ይተኛል፤ የእኛው ይቆርጣል። የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ እንደ ዱቄት ልሞ ሐምሌ ላይ ይዘራል። ዝናቡም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ቡቃያው ሥር ሳይሰድ አፈሩ ራቁቱን ይመታል። ካብ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ቁልቁል የሚሮጠውን ውሃ በየደረጃው ያስቆመዋል፣ የያዘውን አፈር ያስጥለዋል፣ ወደ መሬት እንዲሰርግ ፋታ ይሰጠዋል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይህን ደጋግሞ ነግሮናል። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ራሳችሁን ችላችኋል ተብለን ከሴፍቲኔቱ ስንመረቅ ከካቡም የተሰናበትን መሰለን። ከብት ለቀቅንበት፤ በዳሩ የተከልነው ሣር ተጋጠ፣ ድንጋዩ ተናደ። እኔ ደግሞ የባሰውን አደረግሁ። ለበረቴ አጥር የሚሆነኝን ድንጋይ ከዚያው ተሸከምሁ። ሁለት ትልም አተርፍ ብዬ በሬዎቼን እስከ ካቡ ጥግ አስጠግቼ አረስሁ። ፈሰሱንም ቁልቁል፣ ወደ ጎረቤቴ ማሳ ቀደድሁት።

አንድ ነሐሴ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጉና ጠቆረ። በረዶ ቀደመ፣ ዶፉ ተከተለ። ከበረቱ በር ቆሜ ሳይ ውሃው የተረፈውን ካብ እንደ ገለባ ጠረገው፤ እኔ የቀደድሁትንም ፈሰስ መንገድ አድርጎ ወረደ። ሁለቱን ትልም ብቻ ወስዶ አልተመለሰም፤ ማሳውን ለሁለት ሰነጠቀው። የጎረቤቴን ጤፍም ድንጋይ አለበሰው። በማግሥቱ ማለዳ ሄጄ፣ «አያ፣ ይማሩኝ» አልኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። አጎንብሰው ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ዳር ይጥሉ ነበር። አብሬያቸው ማንሣት ስጀምር ድንጋዮቹን ለየኋቸው። ብዙዎቹ እኔው መሠረት ሳልቆፍር የደረደርኋቸው ነበሩ።

አፈሩ ወዴት እንደሄደ አውቃለሁ። የስማዳ ውሃ አንዱ ወደ በሽሎ፣ ሌላው ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የበሽሎም መጨረሻው ዓባይ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ከአገሬው ጋር እልል ብያለሁ፤ ለግንባታውም እንደ አቅሜ አዋጥቻለሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለሚይዘው ለዚያ ሐይቅ ከገንዘቤ የሚበልጥ ነገር ልኬለታለሁ፤ ደለል። ልጆቼ ሊያርሱት የሚገባቸውን አፈር፣ ግድቡም የማይፈልገውን።

ዛሬ ማንም ሳይከፍለኝ፣ ማንም ሳይለካልኝ፣ ጉልበቴ እስኪዝል መሠረት ቆፍሬ እክባለሁ። ካቡ አሁን ጠንክሮ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ማረሻ ሲነካው ጭንጫ ነው። አጎቴ ይህን ሳያይ ዐረፈ። ጎርፉ ማሳውን የሰነጠቀበት ቦረቦር በየክረምቱ ይሰፋል። መስከረም ሲጠባ ከዳሩ ቆሜ በበሬ ጠፍር እለካዋለሁ፤ ያኔ ለ3 ኪሎ ስንዴ ካቡን በገመድ እንዳስለካሁት።