ጥሩ ውሃና የቤት አየር በባሌ ደጋ፤ ከሮቤና ከጎባ የጉዞ ማስታወሻ

በኅዳር ወር መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ባሌ ደጋ ተጉዘን ነበር። ስንወጣ አሳባችን ስለ አገሩ ውበት ለመጻፍ ነበር፤ ስንመለስ ግን በማስታወሻ ደብተራችን ውስጥ ያገኘነው አብዛኛው ስለሚጠጣው ውሃና ስለ ቤት አየር የተጻፈ ሆነ። ምክንያቱን አንባቢ ወደ ታች ያገኘዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ የገዛ ሆዳችን መሆኑን አስቀድመን ብንናዘዝ ይሻላል።

አዳማን አልፈን የአሰላን መንገድ እንደያዝን የወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ትዝ አለን። በዚያ በስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ እንደ መስተዋት የጠራ ሁኖ ሳለ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ በሸለቆው ካሉት ጉድጓዶች ግን ብዙዎቹ ከዚህ ልክ ያልፋሉ። ስለዚህም ልጆች ጥርሳቸው በልዞ ያድጋሉ፤ በወንጂም እርሻ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ፥ ጀርባቸው አልታጠፍ ብሎ መታየቱን ሐኪሞች ጽፈዋል። ይህን ውሃ ቢያፈሉት ፍሎራይዱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ በሄደ መጠን የቀረው ይጠነክራል። ይህን እያሰብን ወደ ደጋው ስንወጣ፥ «እኛስ ከተራራ የሚወርደውን ጥሩ ውሃ ልንጠጣ ነው» ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ከአሰላ በኋላ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ደረስን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በዚህ ነው፤ ከጽዱና ከኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ቆሞ መንገደኛውን ያያል። ከዚያ ወርደን የሮቤን ሜዳ ስናይ ስንዴው እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ቢጫ ሁኖ፥ ኮምባይነሮች እንደ መርከብ ሲንሳፈፉበት አገኘን። ሮቤ የባሌ ዞን ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ርቃ የምትገኘው ጎባ ቀድሞ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፥ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፥ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

በማግሥቱ ወደ ሳነቴ ወጣን። አስታው እያጠረ ሄዶ ካለቀ በኋላ ጅብራ እዚህም እዚያም ተገትሮ የሚታይበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ሲያደባ ተመልክተን መኪናውን አስቁመን ዝም አልን። ቱሉ ዲምቱ ከዚህ ሜዳ ላይ ተነሥቶ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ዐለቱ ሁሉ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ በበረዶ ዘመንም የበረዶ ክምር ተኝቶበት እንደነበረ የመሬቱ ቅርጽ ይመሰክራል። ዛሬ ይህ ተራራ እንደ ሰፍነግ ዝናቡን ውጦ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ዌይብ፥ ዋቢ ሸበሌ፥ ገናሌ፥ ወልመልና ዱማል የሚባሉት ወንዞች ከዚህ ውሃ ያገኛሉ፤ በታች በቆላውና እስከ ሶማልያ ድረስ በእነርሱ የሚኖረው ሰው 12 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ይነገራል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጻፉን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ የውሃው ማማ መሆኑን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

እዚያ ላይ ነው የተሳሳትነው። ከድንጋይ መካከል የምትፈልቅ የምትመስል ቀዝቃዛ ውሃ አግኝተን፥ በእጃችን እየጠለቅን ጠጣን። ጥማችን ከረካ በኋላ ጥቂት ከፍ ብለን ብንሄድ ውሃዋ ከዚያ የፈለቀች ሳትሆን፥ ከብትና ፈረስ በሚጋጥበት ረግረግ አቋርጣ የመጣች መሆኗን አየን። የአገሩ እረኞች ከእኛ ይሻላሉ። እነርሱ ከብታቸውን ወደ ሆራ፥ ማለት ማዕድን ወዳለበት ምንጭ፥ ሲወስዱ የከብቱንና የሰዉን ውሃ ለይተው ያውቃሉ። እኛ ግን ስለጠራና ስለቀዘቀዘ ብቻ ንጹሕ ነው ብለን ፈረድን።

በጎባ ያረፍነው ከአንዲት ባልቴት ቤት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሆዳችን ተገለባብጦ ተኛን። እማማም የጾሙን ሽሮ ትተው አጥሚት ሲያዘጋጁልን፥ «ልጆቼ፥ ከተራራ የወረደ ውሃ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር እኮ፤ እኔም ዕድሜዬን ሁሉ የጠጣሁት እርሱን ነው» አሉ። የልጅ ልጃቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እርሷም አክብሮቷን ሳታጓድል፥ «እማማ፥ እርስዎ የለመዱትን እንግዳ አይችለውም፤ ሕፃንም አይችለውም» ብላ መለሰችላቸው፤ ወደ እኛም ዞራ ጃርዲያና አሜባ በጠራ ውሃ ውስጥ እንደሚኖሩ አስረዳችን።

ከእርሷ የተማርነውን አንድ ነገር በአዲስ አበባም ሰምተነው አናውቅም። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በጎባ ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በሳነቴም ከዚያ ያንሳል። እንግዲህ ተንፈቀፈቀ ብሎ ወዲያው ማውረድ አይበቃም። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። እንጨት ውድ በሆነበት ቤት «ውሃ አጋር»ን በመሰለ የክሎሪን መድኃኒት ማከም ይቻላል፤ በላዩ የተጻፈውን መጠንና የመቆያ ጊዜ መጠበቅ ነው። ይሁንና ክሎሪን ጃርዲያን ለመግደል ይደክማል፤ ኮሌራንና የመሰሉትን ግን ያጠፋል።

ኮሌራን ስትጠራ ፊቷ ተለወጠ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በሽታው ከሳነቴ ማዶ፥ ከሐረና ደን ወዲያ፥ በሐረና ቡሉቅ ወረዳ ታየ፤ ወደ በርበሬ ወረዳም ተሻገረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከኦሮሚያ አልፎ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። ከዚህ ጥሩ ማማ የወረደው ውሃ መንገድ ላይ ሰው የተጸዳዳበትን ሲያጥብ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ታየ። «ጧት በሬ የጠመደ ሰው፥ ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ ድምፁ ይጠፋል» አለችን። የሚገድለው ሰውነት ውሃና ጨው ማጣቱ ነውና፥ በሽተኛው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ መጠጣቱን ማቋረጥ የለበትም። የተዘጋጀው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በቤት ከሌለ፥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው። ጨው ቢበዛ ይጎዳል፤ መጠኑን በቃል መያዝ ለእናቶች ግዴታ ይመስለናል፤ ለአባቶችም እንዲሁ።

ዕቃውንም ነገር አነሣች። ብዙ ቤት ምንጩ ንጹሕ ሁኖ ጀሪካኑ ቆሻሻ ነው፤ ልጅ ጣሳውን ከነእጁ ይነክረዋል። ጠበል በክብር ቀድቶ ነዳጅ በነበረበት ጀሪካን ወደ ቤት የሚወስድ ሰውም አይተናል። ለጠበሉ ክብር ሲባል ዕቃው አስቀድሞ ሊታጠብና ክዳን ሊኖረው ይገባል።

በዚያች ሌሊት ብርዱ ስለጸና እማማ በእሳት የተሞላ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታችን አስገብተው መስኮቱን በጨርቅ ደፈኑልን። ቅን እናት ናቸው፤ ነገር ግን ልጂቱ ሮጣ መጥታ ምድጃውን አወጣችው። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ ስለሌለው ተኝቶ የሚተነፍሰውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በደጋው አገር በየብርዱ ወራት እንዲህ ያለ ኀዘን ይሰማል።

ከዚህ ተነሥተን ስለ ራዶን ጠየቅናት፤ በውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ቤቱን አስመርምሮ እንደነበረ ጽፎልን ነበርና። ራዶን በዐለትና በአፈር ካለው ዩራኒየም የሚወለድ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው፥ ጨረር አመንጪ ጋዝ ነው። በፈረንጆች 1984 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ አንድ መሐንዲስ ወደ አቶሚክ ማመንጫው ሲገባ የጨረር ማስጠንቀቂያው ጮኸበት፤ ቢመረመር ጨረሩ የመጣው ከገዛ ቤቱ ነበር። ጋዙ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ መግቢያ ይገባል፤ በቤት ሲከማችም ከእርሱ የሚወለዱት ቅንጣቶች በሳንባ ይቀራሉ። የሳንባ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ከትምባሆ ቀጥሎ የሚቈጠር ነው፤ ለሚያጨስ ሰው አደጋው እጅግ ይከፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤክሬል እንዳያልፍ፥ ይህ ካልተቻለም ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል።

በባሌ እንግዲህ ምን እናስብ? የሳነቴ ዐለት ባዛልትና ትራኪት ነው። ባዛልት ዩራኒየሙ ጥቂት ነው፤ ትራኪት ግን ከእርሱ ይበልጣል። የድሮው የጭቃ ቤት ወለሉ አፈር ስለሆነ ጋዙን ያስገባል፥ በክዳኑ ግን ይተነፍሳል፤ ዛሬ በሮቤና በጎባ የሚሠራው የብሎኬት ቤት፥ ኮርኒሱና መስተዋቱ የተገጠመው፥ የገባውን ይይዛል። እውነቱን የሚነግረው ለሦስት ወር ያህል በቤት የሚቀመጠው ትንሽ መለኪያ ብቻ ነው። ወራጅ ውሃ ራዶኑን ለአየር ስለሚለቅ ከምንጭ ወንዝ የሚጠጣ ሰው በዚህ በኩል ብዙ አያሳስበውም፤ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይበልጥ ይይዛል። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ በደጋው ቤት ዛሬ የሚገድለው አስቀድሞ ጀርሙ፥ ቀጥሎም ጭሱና ከሰሉ ነው፤ ራዶን ከእነርሱ በኋላ ይመጣል። ደግነቱ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ወለሉን ሳይሰነጠቅ አስደርጎ፥ በግድግዳው ላይና ታች የአየር መውጫ ቢተው፥ ጭሱንም ከሰሉንም ራዶኑንም በአንድ ወጪ ይቀንሳል።

የተሻለን ቀን ልንሰናበት ስንል እማማ አራት የውሃ ጠርሙስ በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ መኪናው አመጡ። ሰዓት ስለሌላቸው የደቂቃውን ነገር እንዴት እንዳደረጉት ብንጠይቃቸው፥ «ከተንፈቀፈቀ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ደግሜበታለሁ፤ ለጥንቃቄ ደግሞ አራተኛ ጨምሬአለሁ» አሉን። የልጅ ልጃቸውም በሩ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። ጠርሙሶቹ አሰላ እስክንደርስ ድረስ ሙቀታቸው አልጠፋም።