ከቤዝመንት የሚመጣ አየር

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ኩቤክ ውስጥ የተነሳው የደን ቃጠሎ ጭሱ ወደ ደቡብ ወርዶ ዋሽንግተንንና አካባቢዋን ሸፈነ። በጠራራው ቀን ፀሐይ ደብዝዛ ቀላች። ጁን 8 ቀን የአየር ጥራት መለኪያው ሐምራዊው እርከን ላይ ደረሰ። ይህ እርከን አስም ላለበት ብቻ ሳይሆን ለጤነኛውም ሰው በጣም ጎጂ የሚባለው ነው። መስኮት ዝጉ፣ ከቤት አትውጡ ተባለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነውም ዘግተን ተቀመጥን። በማግስቱ እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ «ሁሉም ተዘግቷል፤ ታዲያ ይሄ የእንጨት ሽታ በየት ነው የሚገባው?» አለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ምንም ያህል ቢዘጋ ቤት አየር ያስገባል፤ በበር ሥር ይገባል፣ በመስኮት ጠርዝ ይገባል፣ ቧንቧና ሽቦ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። የገባውን ማጽዳት የሚችለው ደግሞ ቤዝመንት ውስጥ ያለው የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማሽን ነው። ማሽኑ የቤቱን አየር በሰፊው መሳቢያ ይስብና አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ በየክፍሉ ቬንት መልሶ ይልካል። ሳሎንም መኝታ ቤትም ያለ ሰው የሚተነፍሰው ይህንኑ ተመላላሽ አየር ነው። በመሳቢያውና በማሽኑ መካከል የቆመችው አንዲት በካርቶን የተከፈፈች ፊልተር ብቻ ናት። ስለዚህች ፊልተር ሐበሻ ለሐበሻ ሲነግር ብዙ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሞርጌጅ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት እንመካከራለን፤ ስለምንተነፍሰው አየር ግን ዝም ነው።

ነገሩ እኛን ከሌላው ይልቅ ይመለከተናል የምለው በአኗኗራችን ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ያደግንበት ቤት ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ነበር። በርበሬ ሲታመስ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ጭሱና ሽታው ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል። እዚህ ኪችኑና ሳሎኑ አንድ ነው። ብርዱ ሲገባ መስኮት ተዘግቶ ወራት ያልፋሉ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ማይክሮዌቭ ማራገቢያ አለው፤ በብዙ ቤት ግን ጭሱን ወደ ውጭ አያስወጣም፣ በቀጭን ወንፊት አሳልፎ እዚያው ኪችን ውስጥ ይመልሰዋል። ቡና ቆልተን፣ እጣን አጭሰን፣ ሽንኩርት አቁላልተን የምናስነሳው ብናኝ መውጫ የለውም። የሚጠብቀው ፊልተሩን ነው።

ፊልተር ልግዛ ብሎ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። ዋናው መለኪያ መርቭ ይባላል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ሲሆን ከ1 እስከ 16 ይደርሳል። ሆም ዲፖ ከ4 እስከ 10 የሚሄድ ኤፍፒአር የሚሉት የራሱ ቁጥር አለው። ፊልትሬት የሚባለው ምርት ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች ይቆጥራል። 1500 የተጻፈበት ከ13ቱ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል፤ መለኪያቸው ስለሚለያይ ግን ቁጥራቸው አይወዳደርም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ መርቭ የሚለውን ፈልጎ በእሱ ብቻ ማመዛዘን ይሻላል።

መርቭ 8 የአቧራውንና የአበባ ብናኙን ትልልቁን ክፍል ይይዛል። እዚህ ከመጡ ሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል ላይ የኦክ ዛፍ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ሲያደርገው ዐይናቸው የሚያብጥ፣ አገር ቤት ሳሉ አለርጂ የሚባል ነገር የማያውቁ ወገኖች ብዙ አውቃለሁ። ለእነሱ 8ም ቢሆን በጊዜው ከተቀየረ ለውጥ ያመጣል። ጭስ ግን ሌላ ነው። የሰደድ እሳትም ይሁን የእጣን፣ የጭስ ብናኝ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ያለውን ቢያንስ ግማሹን እይዛለሁ ብሎ ቃል የሚገባው መርቭ 13 ነው፤ 8 በዚህ መጠን ላይ ምንም ቃል አይገባም። ግማሽ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ አየሩ ግን አንዴ ብቻ አያልፍም፣ ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ደጋግሞ ይመላለሳል፣ በየዙሩም ይቀንሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የሚመክረው 13ን ወይም ማሽኑ የሚችለውን ከፍተኛውን ነው።

ክብደቱ ያለው «ማሽኑ የሚችለውን» በሚለው ላይ ነው። ይህን ያስረዱኝ በሙያው የቆዩ አንድ ኢትዮጵያዊ የኤሲ ሠራተኛ ናቸው። ከማሽኑ ግራና ቀኝ የቆርቆሮውን መተላለፊያ በትንሹ በስተው ሁለት ቀጭን ጎማ ሰኩና የግፊት መለኪያቸውን አበሩ። የማሽኑ ጽሑፍ የሚፈቅደው በውኃ ኢንች ሲለካ 0.5 ነው። ባለ 8ቱ ሲገባ ከዚያ በታች ሆነ። አንድ ኢንች ውፍረት ያለውን ባለ 13 ሲያስገቡበት አልፎ ሄደ። «አየሽ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ማሽንም ይተነፍሳል። አፍንጫውን በጥጥ ጠቅጥቀሽ ሩጥ አይባልም።»

አየር ያነሰው ማሽን በበጋ ማቀዝቀዣ ቱቦው በረዶ ይጋግራል፤ ኤሲው እየሠራ ቤቱ ይሞቃል። በክረምት ደግሞ ፈርነሱ ከልክ በላይ ይግልና መከላከያው እሳቱን ያጠፋዋል፤ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። የመብራቱም ቢል ይጨምራል። መጥፎው ነገር፣ ቤተሰቤን ልጠብቅ ብሎ ከፍተኛውን ቁጥር የገዛ ሰው ይህ ሁሉ የመጣው ከፊልተሩ መሆኑን የሚነግረው ላያገኝ ይችላል።

መፍትሔው ውፍረት ነው። አራት ኢንች የሆነው ፊልተር እጥፋቱ ጥልቅ በመሆኑ ተዘርግቶ ሲታይ ስፋቱ ከአንድ ኢንቹ በጣም ይበልጣል። አየሩ በሰፊው ስለሚያልፍ ባለ 13 ሆኖም ማሽኑን አያፍነውም። መሳቢያው ላይ ሰፋ ያለ ሳጥን ማስገጠም ያስፈልጋል። እኛ አስገጠምን፤ ወጪው ከባድ ነው፣ ግን ፊልተሩ ወራት ስለሚቆይ ቀስ በቀስ ይካካሳል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ማሽኑ የሚቀበለውን 8 ወይም 11 አድርጎ፣ ሕፃን ወይም አዛውንት የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ለብቻው የሚሠራ የአየር ማጽጃ ያቁም። የጭሱ ሰሞን ማጽጃው ከየሱቁ ሲጠፋ በቤት የሚሠራውም ጥሩ ነው። ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል በ2020 በኮቪድ ጊዜ ያስተዋወቁት ሳጥን ነው። አራት ባለ 20 በ20 መርቭ 13 ፊልተር በፕላስተር ተያይዞ ሳጥን ይሆናል፣ የፊልተሮቹ ቀስት ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ከላይ ተራ ማራገቢያ አየሩን ወደ ላይ እንዲያወጣ ሆኖ ይቀመጥበታል። መልኩ አያምርም፤ ሥራው ግን እውነተኛ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፊልተሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ጥሩው ፊልተር በደንብ ካልገባ ከንቱ ነው። ክፈፉ ላይ 16 በ25 በ1 ይላል፤ በሜትር ሲለካ ግን በየጎኑ ሩብ ኢንች ያህል ያንሳል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ቦታው ላይ እንዲንሸራተት። ከዚያ በላይ ክፍተት ካለ ግን አየሩ ፊልተሩን ትቶ በዳር ያልፋል፤ ባትሪ አብርቶ ማየት ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማሽኑ መዞር አለበት። እኔ ከመክተቴ በፊት የገባበትን ቀን በማርከር ክፈፉ ላይ እጽፋለሁ። የእኛው ሲወጣ አቧራው ግራጫ ምንጣፍ ሠርቶ፣ ሥሩ ቡናማ ሆኖ፣ የእጣንና የቅቤ ሽታ ይዞ ነው። አንድ ኢንቹን ብዙዎች በሦስት ወር ቀይሩ ይላሉ፤ ቡና በየቀኑ በሚቆላበት ቤት ግን በየወሩ አውጥቶ ማየት ይገባል።

ፊልተር የሚሠራው ማራገቢያው ሲዞር ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ «አውቶ» ላይ ከሆነ ቤቱ የታዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ማራገቢያው ይቆማል፤ ማጣራቱም አብሮ ይቆማል። ጭስ በገባ ሰሞንና ቡና ከተቆላ በኋላ ለአንድ ሁለት ሰዓት «ኦን» ላይ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ግን በርትቼ ልናገር። የትኛውም መርቭ ጋዝ አይይዝም። ሽታን በከፊል የሚቀንሰው አክቲቬትድ ካርቦን የተጨመረበት ፊልተር ነው፤ ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እሱም አያስቀረውም። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ይገድላል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ለቡናም ሆነ ለእጣን ከሰል ማቀጣጠል የለብንም። ለእጣኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ አለ፤ ቡናውም በምድጃው ይፈላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደግሞ በየፎቁ፣ መኝታ ክፍል አጠገብ ይሰቀል።

ይህ ሁሉ በይበልጥ የሚያሳስበኝ ቤዝመንት ተከራይተው ለሚኖሩት ነው። አዲስ መጪዎቻችን ብዙዎቹ ኑሮ የሚጀምሩት እዚያ ነው፤ ማሽኑ ያለበት ቁም ሳጥን አልጋቸው አጠገብ ነው፣ የሚተነፍሱት ደግሞ ላይ ቤት የተጠበሰውንና የተቆላውን አየር ጭምር ነው። አከራዩም ተከራዩም ሐበሻ ሲሆን ይሉኝታው አያናግርም። ተከራዩ ቤት ሰጡኝ ብሎ ዝም ይላል፤ አከራዩ ደግሞ ማሽኑን ካየው ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ለአከራዮች የምለምነው፣ ፊልተሩን ራሳችሁ ግዙ፣ አንድ ትርፍ ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጡ፣ የቁም ሳጥኑን በር አትቆልፉበት። ተከራይም፣ «ጋሼ፣ ፊልተሩ መቼ ነው የተቀየረው? ካላስቸገርኩ እኔ ልቀይረው» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦ ማሽኑን ማጥፋት፣ አሮጌውን መሳብ፣ ቀስቱን አይቶ አዲሱን መክተት፣ መልሶ ማብራት።