ጥቂት በልቶ ብዙ የሚሠራ ኮምፒዩተር

ስለ ኮምፒዩተር ሲነገር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ፍጥነቱ ነው። በእኛ በአዲስ ቅዳም ግን ከፍጥነቱ በፊት የሚበላው የኤሌክትሪክ ኀይል ሊጠየቅ እንደሚገባ ስለ ተረዳሁ፥ ይህችን ጥቂት ሐሳብ ለመጽሔታችን ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩን የተማርሁት ከአጎቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከትምህርት በኋላ እየሄድሁ የባለጉዳዮችን ማመልከቻ እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ ከባትሪ እንሠራ ነበር፤ ነገር ግን ትልቁ ኮምፒዩተር ባትሪውን ቶሎ ስለሚጨርሰው፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሰው ጉዳዩ ሳይጻፍለት የሚመለስበት ቀን ብዙ ነበር።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ በርካሽ ገዙ። ጠጋኙም ማዘርቦርዱን አውጥቶ በአሮጌው ኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ ገጠመው፤ ከቀድሞው ስክሪንና ኪቦርድ ጋርም አገናኘው። ከውጭ ሲያዩት ያው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው፤ አንጎሉ፥ ማለት ፕሮሰሰሩ፥ ግን የላፕቶፕ ነው።

አያቴ ይህን አይተው «ልጄ፥ ይኸ ሣጥን ስንት ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ። በአዊ ፈረስ የተከበረ ስለ ሆነ እርሳቸው ሁሉን ነገር በፈረስ ይመዝናሉ። «ቆሞ እየዋለ የጋለበውን ያህል የሚበላ ፈረስ ጌታውን ያደኸያል» አሉኝ።

እኔም በመለኪያ ለካሁት። አሮጌው ኮምፒዩተር 120 ዋት፥ አዲሱ 20 ዋት፥ ስክሪኑም 20 ዋት ይወስዳል። ባትሪያችን 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ስለ ሆነ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ ተጠቅመን፥ በኢንቨርተሩ የሚባክነውም ሲቀነስ፥ 500 ያህል ይቀራል። ይህ ለአሮጌው ከነስክሪኑ 3 ሰዓት ተኩል፥ ለአዲሱ ግን 12 ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፕሮሰሰር የሚበላው ኀይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ይጨምራል። ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀንስ ለዚያው ፍጥነት የሚያስፈልገው ኀይል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በዝቅተኛ ቮልቴጅ እንዲሠራ፥ ሥራ ሲያጣም እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኀይል ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እኛ የፋግታ ለኮማ ሰዎች የዲከረንስ ከሰል ስለምናከስል፥ ሙቀት ዋጋ እንዳለው ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ይህ ዘዴ በእኛ አልተጀመረም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ኢንቴል ፔንቲየም ኤም የተባለውን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አወጣ፤ ሙቀቱም 24.5 ዋት ያህል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከወጡት የጠረጴዛ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ 115 ዋት ይደርሱ ነበር። በ2005 አሱስ ፔንቲየም ኤምን በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ላይ የሚያስገጥም መሸጋገሪያ ሸጠ። በ2020 ደግሞ አፕል ከስልክ ፕሮሰሰሮቹ ቤተሰብ የተወለደውን ኤም 1ን በማክ ሚኒ ውስጥ አስገባ።

ጉድለት የለውም ግን አልልም። የዛሬ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ፥ ቢበላሽ ለብቻው መለወጥ ያስቸግራል። ረዥም ቪዲዮ ለማቀናበርም ትልቁ ይሻላል። ለጽሕፈት፥ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለጥናት ግን ትንሹ ይበቃል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ስለዚህ ኪቦርድ ሳይለማመድ ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ ዕውቀቱ እያለው ሊጎዳ ይችላል። ሃያ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ከነስክሪናቸው 2,800 ዋት ሲፈልጉ፥ ሃያ ትንንሾች 800 ዋት ብቻ ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው ጄኔሬተርና ነዳጅ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ግን መጠነኛ የፀሐይ ኀይል ሊሸከመው ይችላል።

ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ወላጆችና መምህራን ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ለመግዛት በምትመክሩበት ጊዜ፥ ከዋጋውና ከፍጥነቱ ጋር «ስንት ዋት ይበላል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ።