ጀማሪ ጸሐፊ ምን ይያዝ? ምንስ ይጣል?

የዘወትር ጉዳዬ ፖለቲካ እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ ዛሬ ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ማንሣቴ ያስገርመው ይሆናል። ነገሩ ግን ከለመድነው ርእስ ብዙ የራቀ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወጣቶች የጻፏቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች እያነበብሁ አስተያየት ስሰጥ ቆይቻለሁ። የሚበዙት የሚጠይቁኝ «ጸሐፊ ለመሆን ምን ያስፈልገኛል?» የሚል ነው። አንዱ ኮምፒውተር የለኝም ይላል፤ ሌላው ጊዜ የለኝም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ መንፈሱ እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነው ይላል። እኔ በረቂቆቹ ውስጥ የማየው ችግር ግን ሌላ ነው። ወጣቱ ስለ ገዛ ሰፈሩና ስለ ገዛ እናቱ ሲጽፍ እንኳ፣ ቃሉን የሚበደረው ከዜና አንባቢና ከስብሰባ መሪ ነው።

ብድሩ የቆየ ነው። በደርግ ዘመን «አድኃሪ» እና «አናርኪስት» ይባል ነበር፤ በኢሕአዴግ ዘመን «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» መጡ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ «ጁንታ» ተጨመረ። ቃላቱ ይለዋወጣሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ስምና መልክ ያለውን ሰው ስምና መልክ ያሳጡታል። የልብ ወለድ ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ዕቃዎችና ልማዶች ሁሉ ለአንድ ዓላማ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ጸሐፊው በገዛ ዓይኑና በገዛ ጆሮው ያገኘው ቃል እንዲኖረው።

አንደኛው ደብተር ነው፤ ከኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። እነዚያ ብጥስጣሽ ወረቀቶች በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጥተው፣ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለው መጽሐፍ ሆኑ። ይህን ያወቀ ሰው «ኮምፒውተር የለኝም» ለማለት ያፍራል። በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ግን ያየነውና የሰማነው ይሁን፦ የታክሲው ረዳት ምን ብሎ ተጣራ? ጎረቤቲቱ ቡና ስታፈላ ስለ ማን አነሣች? በኪራይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምን ተለጥፏል? ስልክም ለዚህ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ስልክ የእኛን ማስታወሻ ሲቀበል የሌላውን ሰው መፈክርም ይዞ ይመጣልና፣ እኔ ወረቀትን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው መዝገበ ቃላት ነው። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። ይህን መጽሐፍ የሚገልጠው ብዙ ሰው አንድ ቃል ሲቸግረው ብቻ ነው፤ እኔ ጀማሪዎችን የምመክረው ግን በየቀኑ አንድ ገጽ እንዲያነቡ ነው። በሚደርሱኝ ረቂቆች ውስጥ ሁልጊዜ «ዝናብ ይዘንባል»። ካፊያ ይሁን ዶፍ፣ ወይስ ከነፋስ ጋር በመስኮት የሚገባ ወጨፎ፣ አይታወቅም። ዝናቡን ለይቶ ያልሰየመ ጸሐፊ፣ በዝናቡ ውስጥ የቆመውን ሰው ለይቶ ይሰይማል ብዬ አልጠብቅም።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ወግ በቴፕ ቀድተው፣ ከቴፑ ወደ ወረቀት አዛውረው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» አድርገው አሳተሙት። የተማረው ልጅ የአባቱን አነጋገር «ላስተካክልልህ» ሳይል ተቀብሎ በማቆየቱ፣ ያ አማርኛ ዛሬም በጆሮ ይሰማል። እያንዳንዳችን ቤት እንዲህ ያለ ወግ የሚያውቁ እናት፣ አባት ወይም አያት አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይኖሩልንም።

አራተኛው የተወሰነ ሰዓት ነው። መንፈስን ለሚጠብቁ ወጣቶች የቅኔ ቤትን ሥርዓት እንዲያስቡ እነግራቸዋለሁ። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በመምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል። ነገም እንዲሁ። ትልቁ መወድስ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል እጽፋለሁ፤ ዜና የምሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዜና ሰምቼ የምጽፍበት ቀን ዓረፍተ ነገሬ የዜናውን ቅላጼ ይይዛል።

አምስተኛው ጮክ ብሎ ማንበብና መሰረዝ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ተከታትሎታል። በአፍ ሲነበብ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ የውሸት ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ መሰረዝ አንድ ገጠመኜን ላንሣ። አንዲት ወጣት ልጇ በሌሊት ስለ ተወሰደባት እናት የጻፈችውን ታሪክ ሰጠችኝ። አራት ገጽ ሙሉ «የግፍ ቀንበር»፣ «ጨካኙ ሥርዓት»፣ «የጨለማው ዘመን» ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት መስመር አገኘሁ፤ እናትየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጇን ጫማ ቀለም ቀብታ ከበሩ አጠገብ ታስቀምጣለች። «ሌላውን ሰርዢና ከዚህ ጀምሪ» አልኋት። «ካላወገዝሁ ፈሪ አያሰኘኝም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከበዓሉ ግርማ ማግኘት ይቻላል። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ የሠራ፣ የመንግሥትን ቋንቋ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ግን የዘመቻውን ቋንቋ በሚያፈቅሩ፣ በሚፈሩና በሚጠራጠሩ ሰዎች አፍ ውስጥ አኖረው፤ አንባቢውም መፈክሩንና ሰውየውን ጎን ለጎን አያቸው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ስለዚህ ሰውን በሰውነቱ ማሳየት የፈሪ ሥራ ነው የሚል ካለ፣ የአገሩን ታሪክ አያውቅም።

ወጣቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታሪኩን በአንድ ገጽ ተኩል መልሳ አመጣችው። ልጁን የወሰደው የትኛው መንግሥት እንደ ሆነ አይናገርም። የማንኛውም ወገን ደጋፊ ቢያነበው ግን፣ ያንን ጫማ አልፎ መሄድ የሚችል አይመስለኝም።

እንግዲህ ለጀማሪው ጸሐፊ ያለኝ ምክር ይኸው ነው። ደብተር ይግዛ፤ ሰዓት ይወስን፤ መዝገበ ቃላቱን ይግለጥ፤ ሽማግሌዎቹን ያዳምጥ። በጻፈው ሁሉ ላይ ደግሞ እርሳሱን ይዞ «ይህን ቃል ማን ሰጠኝ?» እያለ ይጠይቅ፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ከሆነ ይሰርዘው።

ቸር ይግጠመን።