ክደኚው!

መካነ ብርሃን ያደገ ሰው ጦስኝን መጀመሪያ የሚያውቀው በስኒ አይደለም፤ በእግሩ ነው። ከጃናሞራ ወደ ላይኛው ደጋ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጅብራው ብቅ ብቅ ባለበት ድንጋያማ ሣር ላይ፣ ጦስኝ መሬት ለመሬት ተነጥፎ ይገኛል። ሲረግጡት ያውዳል። ከብት ጠብቀን ስንመለስ እግራችን ጦስኝ ጦስኝ እየሸተተ ነበር ቤት የምንገባው።

አያቴ የተለቀመውን ጥላ ላይ አድርቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከምድጃው ጭስ ራቅ አድርጋ ትሰቅለው ነበር። ብርድ ሲጠና ወይ የሚያስል ሰው ሲኖር ውሃ ታፈላለች፤ ከእሳት ታወርድና አንድ ቁንጥር ጣል ታደርግበታለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ «ክደኚው!» ትለኛለች። ከዘገየሁ ትቆጣለች። «ሽታው ወጥቶ ከሄደ ምን ልትጠጪ ነው?»

አዲስ አበባ መጥቼ የራሴን ቤት ስይዝ ይህን ረሳሁት። ጦስኙን ከውሃው ጋር ጥጄ ሩብ ሰዓት አንተከትከው ነበር። ቤቱ በመዓዛ ይሞላል፤ ስኒው ውስጥ የሚቀረው ግን መራራ ቡናማ ውሃ ነው። የአገሬ ጦስኝ ድሮ የማውቀው አይደለም ብዬ ነጋዴውን እስከ መጠርጠር ደረስኩ። ጦስኙ ምንም አልሆነም። ቤቱን ያወደው ነገር ስኒው ውስጥ መቅረት የነበረበት ነው።

የጦስኝ መዓዛ በዋናነት ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ፣ ቅጠሉ ውስጥ ካሉ ውህዶች ይመጣል። ከእንፋሎት ጋር በቀላሉ ይበራሉ። ዕቃው ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ካልተከደነ ጎረቤት ይጠጣዋል። ደጋው ደግሞ የራሱን ያግዛል፦ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን በ100። አሁን ለአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ አደርጋለሁ፤ ከእሳት አውርጄ እከድናለሁ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ ከቆየ ምሬቱ ያይላል።

ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። ቤታችን ጀበና ውስጥ ገብቶ አይፈላም ነበር፤ ቡናው ሲቀዳ አንዲት ዘለላ ስኒው ውስጥ ትገባለች፣ በትኩሱ ትነከራለች፣ ይበቃታል። ለነፍሰ ጡር ግን አይቀርብም፤ ይህንንም አያቴ ታውቅ ነበር።

ትልቁን ትምህርት የተማርኩት ግን ከቅቤ ነው። የእነዚህ ቅጠሎች መዓዛ ከውሃ ይልቅ ቅባት ይወዳል። የጦስኝ ሻይ በማግስቱ የለም፤ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት ንጥር ቅቤ ግን ወራት ቆይቶ ሲከፈት ያው ነው። አያቴ ቅቤ የምታነጥረው በጆሮዋ ነበር። ለጋ ቅቤ እሳት ሲነካው ይንጫጫል፤ የሚንጫጫው ውስጡ ያለው ውሃ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ቅቤ 200 ግራም ገደማው ውሃ ሊሆን ይችላል። ጫጫታው ሲበርድ፣ አረፋው ሲረግብ፣ ዝቃጩ ከታች ሲታይ ውሃው አለቀ ማለት ነው። ኮረሪማውና አብሹ ቀድመው ገብተዋል፤ ጠንካራ ናቸው፣ እሳት ይችላሉ። ኮሰረቱንና በሶብላውን ግን እሷ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱን ቀንሳ ነበር የምታስገባው። ከዚያ አውርዳ ትከድነዋለች፤ ሲረጋጋ ታጠልለዋለች። ሁሉንም አንድ ላይ ከመጀመሪያው የሚጨምሩ ባለሙያዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ የአያቴ ይበልጣል።

በጾም ዘይቱን በዚሁ መንገድ እሠራለሁ። ግማሽ ሊትር ዘይት በለዘብተኛ እሳት ይሞቃል፤ ሳይጨስ ይወርዳል፤ ደረቅ ኮሰረት፣ በሶብላና የተፈነከተ ኮረሪማ ይገባበታል፤ ተከድኖ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ ይጠለላል። ሽሮ ላይ ጠብ ሲል የፍስክ ቀን ይመስላል። አንድ ነገር አደራ፦ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክራችሁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። አየር በማያገኝበት ቦታ የቦቱሊዝምን መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል፤ ይህን ደግሞ ሽታም ጣዕምም አይነግራችሁም። ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጋችሁ በጥቂት ቀን ጨርሱት።

የጦስኛችን የሳይንስ ስም ቲመስ ሺምፐሪ ነው። በ1837 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገራችን ገብቶ፣ የሰሜንን ተራሮች ጭምር ዞሮ ዕፅዋት ከሰበሰበው፣ በ1878 ዐድዋ ላይ ካረፈው ጀርመናዊ ከዊልሄልም ሺምፐር የተወሰደ። ደክሞበታልና ስሙ ይገባዋል። ግን መቼ መክደን እንደሚገባ፣ ምን ከምን እንደሚቀድም የሚያውቁት ሴቶች ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ ይህ ያሳዝነኛል። የአያቴን አነጣጠር በወረቀት ያሰፈርኩት እሷ ካለፈች በኋላ ነው፤ የአብሹን ልክ እስከ ዛሬ በግምት ነው የማደርገው።

ባለፈው ሰሞን ከአገር ቤት አንድ ቋጠሮ ጦስኝ ተላከልኝ። ስፈታው ግማሹ ከነሥሩ ነው፣ አፈሩ ሳይራገፍ። ጦስኝ ከላይ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ከተነቀለ ግን ያ ቦታ ባዶ ይቀራል። ደወልኩና ለላከችልኝ አክስቴ «እትዬ፣ ሌላ ጊዜ ትንሽ ይሁን፤ ግን በማጭድ አስቆርጭልኝ፣ ሥሩን ተዉት» አልኳት። እሺ ብላኛለች።